ልብስን በቤት መስፋት፦ ከድሬዳዋ ሽርጥና ድሪያ እስከ ሙሉ ቁም ሣጥን

ድሬዳዋ ከጅምሯ ከጨርቅ ጋር የተቆራኘች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ፣ ከተራራው ግርጌ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ኋላም ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። በዚያ ዘመን ከወደብ ወደ መሐል አገር ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይም አቡጀዴ፣ ከፍተኛውን ሥፍራ ይይዝ ነበር። በኋላ ደግሞ ነዋሪው በተለምዶ «ኮተኒ» የሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የከተማዋን ስም ከጥጥ ጋር አስተሳሰረው። ዛሬም ወደ ቀፊራም ሆነ ወደ ታይዋን ገበያ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በተደረደረ ጨርቅና በተሰቀለ ልብስ ላይ ነው።

ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር የደረሰ መንገደኛም በጀጎል ግንብ ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል ጠባብ መንገድ ያገኛል። ስሙ የመጣው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ደንበኛው ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ይገዛል፣ ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰፊ ይሰጣል፣ የቀረ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ልብሱን ይወስዳል። አካባቢው የስፌት ሥራን ያህል ስሙን ያስጠራ ሙያ ኖሮት ሳለ፣ በብዙ ቤት ግን አንድ ቁልፍ የወደቀበት ሸሚዝ ወራት ሙሉ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ቅምቅማቱ የተተረተረ የተማሪ ሱሪም በአዲስ ይተካል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ልብስ መስፋት እጅግ የረቀቀና ለባለሙያ ብቻ የተተወ ሥራ ተደርጎ መታየቱ ነው። እውነት ነው፤ ኮትን የመሰለ ልብስ ዓመታት የፈጀ ልምድ ይጠይቃል። ነገር ግን የድሬዳዋ ሙቀት ለነዋሪዎቿ የመረጠላቸው ልብሶች፣ ሽርጥና ድሪያን የመሳሰሉት፣ በአብዛኛው ቀጥ ባለ መስመር የሚቆረጡና ሰውነትን ሳይጣበቁ የሚውሉ ናቸው። በጥቂት መሣሪያ፣ በትዕግሥትና በትክክለኛ ልኬት ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊሰፋቸው ይችላል። ከእነርሱ የጀመረ ሰው እጁ እየተፍታታ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ የራሱንና የቤተሰቡን ልብስ ወደ መስፋት ይደርሳል።

መኪናው፦ ከእግር እስከ ኤሌክትሪክ

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የስፌት መኪናን «ሲንጀር» ይለዋል። ስሙ በፈጠራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1851 የባለቤትነት መብት ያገኘው የአሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር ነው። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1830 ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተለሚ ቲሞኒየ የስፌት መኪና ሠርቶ ነበር፤ ሆኖም እንጀራችንን ያሳጣናል ብለው የሠጉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች መኪኖቹን ሰባበሩበት። ኤልያስ ሃው የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1846 ከላይና ከታች የሚመጡ ሁለት ክሮችን ለሚያቆላልፈው ስፌት የባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ በየቤቱ ያለው መኪና የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። አንዱ ክር ከመርፌው ጋር ከላይ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከሥር ቦቢን ከሚባለው ትንሽ ጥቅል ይወጣል፤ ሁለቱም በጨርቁ መሐል ይቆላለፋሉ።

በእግር የሚረገጠው መኪና ለገጠር ነዋሪም ሆነ ለከተሜው አሁንም አስተማማኝ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ብልሽቱም አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው መካኒክ የሚጠገን ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ፈጣን ሲሆን ዚግዛግ ስፌትና የቁልፍ ቀዳዳ መሥራት የሚችል ዓይነት አለው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ሊፈትሽ ይገባል። መንኮራኩሩ በእጅ ሲዞር ሳይንገጫገጭ መሄዱን፣ ቦቢኑና መያዣው አብረውት መኖራቸውን፣ ጨርቅ የሚገፉት ከሥር ያሉ ጥርሶች አለመበላታቸውን፣ በመጨረሻም በቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት መስፋቱን ማየት ያስፈልጋል።

መኪና የሌለው ሰውም ከሥራው አይታገድም። ሽርጥ፣ ቅምቅማት፣ ቁልፍና ጥገና በእጅ መርፌ ብቻ በሚገባ ይሠራሉ። በእጅ ሲሰፋ በየጥቂት ስፌቱ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሶ መውጋት ስፌቱን ያጠነክረዋል፤ እንዲህ የተሰፋ ልብስ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ በአንድ ጊዜ ተተርትሮ አያልቅም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ስለት ያለው መቀስ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ መርፌዎች፣ ስፒል፣ ጠንካራ ክር፣ ጠመኔና ካውያ። ጠመኔ ከሌለ ሳስቶ የደረቀ የሳሙና ቁራጭ በጨርቅ ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ ሲታጠብም ይጠፋል። ጨርቅ የሚቆረጥበት መቀስ ወረቀት ሊቆረጥበት አይገባም፤ ወረቀት ስለቱን ቶሎ ያደንዘዋል፣ የደነዘ መቀስም ጨርቁን ያኝከዋል።

የመኪና መርፌ እንደ ጨርቁ ይለያያል። ለስስ ጨርቅ ቁጥር 70 ወይም 80፣ ለመካከለኛ ጥጥ 90፣ ለጂንስና ለወፍራም ጨርቅ 100 ወይም 110 ተስማሚ ነው። ክር ደጋግሞ ሲበጠስ ወይም ስፌት ሲዘል ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ ይደናገጣል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ጫፉ የደነዘ ወይም የተጣመመ መርፌ ነው። መኪናው የሚቀባውም ለስፌት መኪና በተዘጋጀ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ይለጥጥና ብረቱን ያጣብቀዋል።

ካውያ ከመርፌ እኩል አስፈላጊ ነው። እያንዳንዱ የስፌት መስመር እንደተሰፋ ቢተኮስ ቀጣዩ ስፌት ቀጥ ይላል፤ ልብሱም ከባለሙያ እጅ የወጣ ይመስላል።

ጨርቅ መምረጥ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አየር ጥጥ ተመራጭ ነው፤ ላብን ይመጥጣል፣ አየርም ያስገባል። ከፖሊስተር የተሠራ ጨርቅ በቀላሉ አይጨማደድም፣ ሲታጠብ ፈጥኖ ይደርቃል፤ በሙቀት ሰዓት ግን ላቡን በቆዳ ላይ ያስቀረዋል። ከሁለቱ የተደባለቀ ጨርቅ የሁለቱንም ጠባይ በከፊል ይይዛል፤ ለደንብ ልብስ በብዛት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያ «ንጹሕ ጥጥ» የተባለን ጨርቅ በቀላል ዘዴ መፈተን ይቻላል። ከጨርቁ ዳር ጥቂት ክሮችን መዝዞ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም እንደተቃጠለ ወረቀት ሲሆን፣ በጣት ሲነካ የሚበንን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የቀለጠው ክር ቆዳን ስለሚያቃጥል እስኪቀዘቅዝ መንካት አይገባም።

ጨርቅ ከመግዛት በፊት ወርዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ወርዱ 90፣ 115 ወይም 150 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ወርደ ጠባብ ጨርቅ በሜትር ርካሽ ቢመስልም ለአንድ ልብስ የሚፈልገው ርዝመት ስለሚበዛ በመጨረሻ ሊወደድ ይችላል። ሌላው የጥራት መለኪያ ሽመናው ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያዩት ክሮቹ እኩል የተራራቁና ቀዳዳ የሌላቸው መሆን አለባቸው።

የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ለምሳሌ 5 በመቶ የሚሰበሰብ ጨርቅ በ3 ሜትር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ይህም ቁርጭምጭሚት የሚደርስን ልብስ ባት ላይ ለማስቀረት በቂ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ መዘጋጀት አለበት። በዚሁ አጋጣሚ ቀለሙ የሚለቅ መሆን አለመሆኑም ይታወቃል።

ድሩን ተከትሎ መቁረጥ

ማንኛውም የተሸመነ ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ድሩ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ በርዝመቱ የሚሄደው ክር ነው፤ ማጉ ወርዱን ያቋርጣል። ድሩ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ሲሳብም ብዙ አይረዝምም። በዚህ የተነሣ ልብስ ሲቆረጥ ድሩ ከትከሻ ወደ እግር እንዲወርድ ይደረጋል። ይህን ሳይጠብቁ የተቆረጠ ልብስ ከታጠበ በኋላ ይጣመማል፤ የጎኑ ስፌትም ወደ ፊት ዞሮ ይታያል።

ሸማኔዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ነጠላና ጋቢ ከሸማኔው እጅ ስፋት ጋር የተመጠኑ ጥንዶች ጎን ለጎን ተሰፍተው የሚሠሩ ናቸው፤ አንድም ጨርቅ በመቀስ ተቆርጦ አይባክንም። ሽርጥና ድሪያም የሚከተሉት ይህንኑ ጥበብ ነው፤ ጨርቁን እንደ ተሸመነ ተቀብለው በጥቂት ስፌት ልብስ ያደርጉታል።

ልኬት

ልክ የሚወሰደው በስስ ልብስ ላይ ሲሆን፣ ሜትሩ ሳይጠብቅና ሳይላላ ሰውነትን መንካት አለበት። ዋና ዋናዎቹ ልኬቶች የደረት ዙሪያ፣ የወገብ ዙሪያ፣ የዳሌ ዙሪያ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ እንዲሁም ከትከሻ እስከ ሚፈለገው ቁመት ያለው ርዝመት ናቸው። የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ልኬት ከተወሰደበት ቀን ጋር በአንድ ደብተር ቢመዘገብ ለሚቀጥለው ሥራ ይጠቅማል፤ የልጆች ግን በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት።

የሰውነት ልክ የልብስ ልክ አይደለም። ደረቱ 96 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው በልኩ 96 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሸሚዝ ቢሰፋለት መተንፈስም ሆነ እጁን ማንሣት ይቸግረዋል። ለመንቀሳቀሻ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይጨመርለታል። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ የስፌት መስመር ከሁለቱም ወገን 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዋል። ጀማሪ ሰፊ በብዛት የሚሳሳተው ይህን ትርፍ ረስቶ በመቁረጥ ነው። የሰፋ ልብስ ይጠባል፤ ጠቦ የተቆረጠ ግን አይሰፋም።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ሽርጥ

ሽርጥ በድሬዳዋና በዙሪያዋ ወንዶች በቤትም በደጅም ከወገባቸው በታች የሚያገለድሙት ልብስ ነው። ለመለማመጃ የሚመከረውም አንድ ዋና ስፌት ብቻ ስላለው ነው።

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 115 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጥጥ ጨርቅ ይዘጋጃል። ሁለቱ የተቆረጡ ጫፎች የጨርቁ ፊት ለፊት ተገጣጥመው በስፒል ይያዛሉ፤ ከዳር 1.5 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ቀጥ ብሎ ይሰፋል። በስፌቱ መነሻና መድረሻ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ መስፋት ክሩ እንዳይተረተር ያደርገዋል። ከዚያም ስፌቱ ተከፍቶ ይተኮሳል። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ የጨርቁ የራሱ ዳር ከሆነ አይተረተርም፤ የተቆረጠ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል።

ቀጥ አድርጎ ለመስፋት ዓይን መከተል ያለበት መርፌውን ሳይሆን የጨርቁን ዳር ነው። በመኪናው ሰሌዳ ላይ ከመርፌው 1.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፕላስተር ለጥፎ የጨርቁን ዳር በዚያ ማስኬድ እጅን ቶሎ ያስለምዳል። የስፌቱ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ጨርቅ ይስማማል።

ሁለተኛው ሥራ፦ ድሪያ

ድሪያ የሶማሌ፣ የሐረሪ፣ የኦሮሞና ሌሎችም የድሬዳዋ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊና ቀሊል ቀሚስ ነው። በሰውነትና በጨርቁ መካከል አየር እንደ ልብ ስለሚመላለስ ሙቀቱን ያቀላል። ጨርቁ ስስ ሲሆን ከሥሩ የውስጥ ጉርድ ይለበሳል።

የሚያስፈልገው ጨርቅ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከትከሻ እስከ ሚፈለገው ቁመት ያለው ርዝመት በሁለት ይባዛል፣ ለቅምቅማት 6 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 140 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት 286 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3 ሜትር ቢገዛ ለአንገት ማስጌጫና ለስሕተት የሚሆን ይተርፋል። ወርዱ ከ140 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ጨርቁ በርዝመቱ ለሁለት ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ትከሻ ይሆናል። በእጥፋቱ መሐል ለመሐል አንገት ይሠመራል፦ ስፋቱ 18፣ የፊቱ ጥልቀት 10፣ የኋላው 2.5 ሳንቲ ሜትር። የዚህ አንገት ዙሪያ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የአዋቂን ጭንቅላት አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከፊት መሐል ወደ ደረት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቅድ ይጨመርበታል። አንገትን መጀመሪያ አጥብቦ መቁረጥ፣ ከዚያ እየለበሱ ማስፋት ይመረጣል። ከመጠን በላይ የተቆረጠ አንገት ከትከሻ ይወርዳል፤ ለመመለስም ያስቸግራል።

ከእጥፋቱ ወደ ታች ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሁለቱም ጎን ለእጅ ክፍት ይተዋል፤ ከዚያ በታች ያለው እስከ ጫፍ ድረስ ይሰፋል። ስስ ጨርቅ ዳሩ ስለሚተረተርና በውጭ ስለሚታይ ድርብ ስፌት ይስማማዋል። መጀመሪያ የጨርቁ ውስጥ ለውስጥ ተገጥሞ፣ ፊቱ በውጭ እንዳለ፣ ከዳር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገብቶ ይሰፋል፤ ከዚያ ተገልብጦ፣ የተሰፋው ጠርዝ በውስጥ ተደብቆ፣ ከዳር 1 ሳንቲ ሜትር ገብቶ እንደገና ይሰፋል። የተቆረጠው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ስለሚታሸግ ኦቨርሎክ መኪና አያስፈልግም።

አንገቱ ክብ ስለሆነ ቀጥ ያለ ጨርቅ አይታዘዝለትም። ከተረፈው ጨርቅ በ45 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠና ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ይዘጋጃል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ክቡን ተከትሎ ያለ ጭምድድ ይዞራል። በመጨረሻ የእጅ መግቢያውና የታችኛው ጠርዝ ሁለት ጊዜ ታጥፈው ይቀመቀማሉ።

ጉርድ፣ የልጆች ልብስና የደንብ ልብስ

ሦስተኛው እርምጃ በላስቲክ የሚታሰር ጉርድ ነው። የጨርቁ ስፋት የዳሌው ዙሪያ አንድ ጊዜ ተኩል ይሆናል። ከላይ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ታጥፎ ሲሰፋ ላስቲክ የሚያልፍበት መተላለፊያ ይፈጠራል፤ አንድ ጣት የምታክል ክፍት ቦታ ትቀራለች። ከወገቡ ዙሪያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ይገባል፤ ጫፎቹ ተደራርበው ከተሰፉ በኋላ ክፍቱ ይዘጋል። የልጆች ቁምጣና የመኝታ ሱሪም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

የተማሪ ልብስ ሲሰፋ የሚታሰበው የዘንድሮው ልጅ ብቻ አይደለም። በታችኛው ጠርዝ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ቢቀመጥ፣ ልጁ ሲያድግ ቅምቅማቱ ተፈትቶ ይረዝማል። የጎኑ ስፌትም በሁለቱም ወገን 1 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ትርፍ ቢኖረው በዙሪያው እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ተቆርጦ የወደቀ ጨርቅ ለማንም አይጠቅምም፤ በልብሱ ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ ያስቀራል። የልጁ ቀሚስ ለታናሹ ሲወርድም ያው ትርፍ መልሶ ይታጠፋል።

ሸሚዝ፦ ያረጀ ልብስ እንደ መምህር

ሸሚዝ ኮሌታ፣ እጅጌና ቁልፍ ስላለው ከቀደሙት ይከብዳል። ለማስተማር ከሁሉ የሚሻለው ለባሹን በልኩ የሚሆንና ከጥቅም ውጪ የሆነ ሸሚዝ ነው። ስፌቱ በጥንቃቄ ይፈታል፤ ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌና ኮሌታ እየተባለ ይለያያል፤ ከተተኮሰ በኋላ በጋዜጣ ወይም በካርቶን ላይ ይነደፋል። በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተፈታ ቢጻፍ፣ በግልባጩ ሲነበብ የመስፊያው ቅደም ተከተል ይሆናል።

በወረቀት ላይ የተነደፈ ቅድ በዓለም ገበያ በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1863 አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኢቤነዘር በተሪክ በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጁ የወረቀት ቅዶችን ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የቤት እመቤቶች የባለሙያን ቅድ በቤታቸው መስፋት ቻሉ። በቤት የተዘጋጀ የካርቶን ቅድም ለዓመታት ያገለግላል፤ የሰውነት መጠን ሲለወጥ ብቻ ይስተካከላል። በመጀመሪያው ሙከራ ውድ ጨርቅ ከመቁረጥ ይልቅ አሮጌ አንሶላ ላይ ሰፍቶ፣ ለብሶና አስተካክሎ ወደ ዋናው ጨርቅ መግባት ከኪሳራ ያድናል።

ጥገናና የሥራ ልብስ

በቤት ስፌት ፈጥኖ ትርፉን የሚያሳየው ጥገና ነው። ቁልፍ ሲተከል ክሩ ተስቦ ከጨርቁ ጋር መጣበቅ የለበትም፤ ከቁልፉ ሥር ክብሪት እንጨት አስገብቶ መስፋት፣ ከዚያ እንጨቱን አውጥቶ ክሩን በቁልፉ አንገት ዙሪያ መጠምጠም ቁልፉን ያጸናዋል። ኮሌታው ከላይ የተበላ ሸሚዝ ኮሌታው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ሲሰፋ ያልተበላው ወገን ወደ ላይ ይሆናል፤ ሸሚዙም ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የተቀደደ ቦታ ቶሎ ከተጠቀመ በጥቂት ስፌት ይድናል፤ ከቆየ ግን ጥፍ ይፈልጋል።

የአርሶ አደር ሱሪ ቀድሞ የሚያልቀው ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ነው። ልብሱ አዲስ ሳለ በእነዚህ ቦታዎች ከውስጥ ሁለተኛ ጨርቅ ደርቦ መስፋት ዕድሜውን ያራዝመዋል። የሚደረበው ጨርቅ ታጥቦ የተሰበሰበ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከታጠበ በኋላ ዋናውን ጨርቅ ይጨማድደዋል። ጥፉም ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አልፎ በጠንካራው ጨርቅ ላይ መያዝ ይኖርበታል፤ በሳሳው ቦታ ላይ የተሰፋ ጥፍ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል።

መቼ ወደ ልብስ ሰፊ ይኬዳል?

ሁሉን በቤት መስፋት ሁልጊዜ አያዋጣም። ወጪው ሲሰላ የጨርቁ፣ የክሩ፣ የቁልፉና የዚፑ ዋጋ፣ እንዲሁም የፈጀው ሰዓት አብሮ መቆጠር አለበት። ኮት፣ ገበር ያለው ልብስና ጂንስ ልዩ መኪናና ረጅም ልምድ ስለሚጠይቁ ለባለሙያ ቢተዉ ይሻላል። በሌላ በኩል ድሪያ፣ ሽርጥ፣ ጉርድ፣ የልጆች ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ መጋረጃና ጥገና በቤት ሲሠሩ የእጅ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ለቤተሰቡ ይቀራል።

በሁለቱ መካከልም መንገድ አለ። ጀማሪው ቆራጩን ባለሙያ ከፍሎ ጨርቁን ካስቆረጠ በኋላ በቤቱ ሊሰፋው ይችላል፤ ወይም በቤቱ ሰፍቶ የቁልፍ ቀዳዳውንና ኦቨርሎኩን ብቻ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያሠራል። ሙያውን መተዳደሪያ ማድረግ ለሚሻ ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በልብስ ስፌት ሥልጠና ይሰጣሉ።

ቁም ሣጥኑ እንዴት ይሞላል?

በራስ እጅ የተሰፋ ቁም ሣጥን በአንድ ወር አይሞላም። በቅድሚያ ያሉት ልብሶች ተፈትሸው በሦስት ይከፈላሉ፦ እንደተለበሱ የሚቀጥሉ፣ ተጠግነው የሚለበሱ፣ ተፈትተው ለቅድና ለጥፍ የሚውሉ። በዚህ ሥራ ብቻ ለመግዛት ከታሰበው ልብስ የተወሰነው አላስፈላጊ ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ በእርግጥ የጎደለው ይዘረዘራል፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱም ይሰፋል፦ የትራስ ልብስ፣ ሽርጥ፣ ድሪያ፣ ጉርድ፣ የልጆች ቁምጣ፣ በመጨረሻም ሸሚዝ። የጨርቆቹ ቀለም እርስ በርስ እንዲስማማ ተደርጎ ቢመረጥ ሁለት ጉርድና ሦስት ሸሚዝ ስድስት ዓይነት አለባበስ ይሰጣሉ።

የተሰፋው ልብስ በድሬዳዋ ፀሐይ ቀለሙ እንዳይለቅ ተገልብጦ በጥላ ቢሰጣ ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ሥራ የተረፈ አንድ ቁራጭ ጨርቅና የተጠቀለለ ክር በከረጢት ቢቀመጥም፣ ልብሱ በተቀደደ ቀን ተመሳሳይ ጨርቅ ፍለጋ ገበያ መንከራተት አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቀረው ግን ዕውቀቱ ነው። እናት ወይም አባት ቁልፍ ሲተክሉ አጠገባቸው ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ልጅ፣ ልብስ የሰው ድካም ውጤት መሆኑን ይማራል፤ ሲቀደድም ከመጣሉ በፊት ይድን እንደሆነ ይመረምራል።